የፈረስ ራስ፣ ከአዘዞ

የአከራዬ ፎቅ አላለቀም፤ ሦስተኛው ላይ ፌሮው ቆሟል፤
ሲሚንቶ ተወዶ ቀረ፤ ለእኔ ግን ሰማይ ተርፎኛል።
ከሆስፒታል ስመለስ፣ ጋዋኔን ሚስማር ላይ ሰቅዬ፣
ባለሦስት እግሩን በትከሻ፣ ቴሌስኮፑን እንደ ሕፃን አዝዬ
ስወጣ፣ «ሲስተር ወጣች» ይላሉ። ሲስተር አይደለሁም፤ ራጅ አንሺ ነኝ።
ነጭ የለበሰ ሁሉ ሲስተር ነው እዚህ ሰፈር፤ ለምጄ ዝም አልኩኝ።

እትዬ ዘርትሁን ደግሞ በር ላይ ጠብቀው፦
«ኮከብ ትቆጥሪያለሽ አሉ። ልጄን የጠየቃት ሰው
ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፤ ኮከባቸው ይገጥም እንደሁ እስቲ እዪው።»
ምን ልበላቸው?
ኮከቡን አይደለም እኮ የምፈልገው፤
በኮከብና በኮከብ መሀል የፈሰሰውን፣
ኔቡላ የሚሉትን፣ እንደ እስትንፋስ የሳሳውን፣
ዓይን ረግጦት የሚያልፈውን።

ከኦሪዮን መታጠቂያ፣ ከሦስቱ፣ ከምሥራቀኛይቱ ሥር
የፈረስ ራስ አለ፤ ጥቁር፣ በቀይ ጭጋግ ዳር።
ብርሃኑ ሲነሳ ግንቡ አልታሰበም፤ ጎንደርም ስም አልነበራት፤
ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ተጓዘ፤ አንድም የለም ያደረበት፤
አዘዞ ደርሶ፣ ከዓይኔ አሥር ሜትር ሲቀረው
የአቶ ደርበው አምፖል ዋጠው።

እሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አውሮፕላን ማረፊያው አለ፤
በሰሜን በኩል ከተማው ሰማዩን እንደ አተላ አደፍርሶታል።
መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ «ኧረ!» ሲል፣ እኔ በሆዴ «ተመስገን» አልኩ፤
የጨቅላዎቹ ክፍል ትዝ አለኝ፤ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ይሆን? ብዬ አፈርኩ።

አቶ ደርበውን ለመንኳቸው። «ሌባ ሲመጣስ?» አሉኝ።
እውነታቸውን ነው፤ ጥቅምት ላይ የውሃ ፓምፓቸው ተሰርቋል።
«እስኪነጋ አልተኛም፤ ካየሁ እጮሃለሁ» አልኳቸው።
ጢማቸውን አሹ። ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አጠፉልኝ።
እንዲህ ሆነ፦ ሰማይ ልይ ብዬ ወጥቼ፣ የሰፈር ዘበኛ ሆንኩኝ።
ደመወዜ ጨለማ ነው። እስካሁን በሰዓቱ ከፈሉኝ።

ባትሪው የማንደፍሮ ባጃጅ ነው፤ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ይፈልገዋል።
ሁለት ደቂቃ እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ። ሁለት ደቂቃ እከፍታለሁ።
መቶ ሠላሳ ፎቶ። አርባውን ንፋስ አወዛወዘው፤
ሦስቱን አውሮፕላን ሰነጠቀው፤
አንዱን እኔው ነኝ፣ ብርዱ አስነጥሶኝ፣ የነቀነቅኩት።
እያንዳንዱን ብቻውን ብታዩት ምንም የለበትም፤
የአዘዞ ብርቱካናማ ጉም ነው፤ መልክም ቅርጽም የለውም።
በሥራዬም እንዲህ ነው፤ አንዳንዱ ስብራት በአንድ ፊልም አይገኝም።

ማክሰኞ አዛናው የሚባል ጋሪ ነጂ መጣ፤ ፈረሱ ደረቱን መትቶት።
«ደንግጦ ነው» አለ እያቃሰተ፤ «ክፉ አይደለም፤ ባጃጅ ጥሩምባ ነፍቶበት።»
ፊልሙን መስኮቱ ላይ ይዤ አሳየሁት፤ ሁለት ጎድን።
አጥንት ጨረሩን ከልክሎ ነጭ ይወጣል።
ሌላ ፈረስ እንዳለ አልነገርኩትም፤
እርሱ ብርሃን ከልክሎ ጥቁር ይቀራል።

እሑድ ሌሊት የአምስቱን ሌሊት ደረብኩ፣
አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ አንዱን በአንዱ ላይ።
ጉሙን ቀነስኩ። የአቶ ደርበውን አምፖል፣ ያጠፉት እየመሰላቸው የረሱትን፣ ቀነስኩ።
ሻዬ ቀዘቀዘ።
ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣ አፍንጫ።
ከዚያ ግንባር።
ጆሮው አልጠራም።
ጥፍሬን አያህልም። ደረጃውን ወርጄ የማንንም በር ላንኳኳ ቃጣኝ።

በቀጠሮው ቀን አዛናው ሲመጣ ስልኬን ሰጠሁት።
አራቀው፤ አቀረበው፤ ጎድኑን ደግፎ ወደ በሩ ብርሃን ዞረ፤
ሊገዛው የመጣ ይመስል ጥርሱን ሲፈልግ ቆየ።
መለሰልኝ።
«ልጓም የለውም» አለ።